ዙቤዳ የመጨረሻውን ክኒን ዋጠች

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ ለአቶ ሀምዱ፣ ዳሎቻ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ያ ዝናብ ሲመጣ የሚጠዘጥዝዎት የቀኝ ጉልበትዎ ዘንድሮ ማረዎት ወይስ እንደ ልማዱ ነው? እናቴስ ዓይናቸው ተሻላቸው? ወንድሜ ሽኩር፣ ባለቤቱና ልጆቹ እንዴት ናቸው? ቡሬዋ ላም ወለደች ወይ? የበርበሬው ቡቃያ በረዶ ሳይነካው ቆመ? ከሰው እስከ ከብት፣ ከደጅ እስከ ጓሮ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ እንደ ጠየቅሁ ይቁጠሩልኝ።

እኛ እዚህ ኮልፌ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። አባቴ፣ ይህን “ደህና ነን” የሚል ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ ስጽፍልዎ ግማሹ ውሸት ነበር። የዛሬው ግን ሙሉ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምሥራች! “ምሥር ብላ” ሲሉኝ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል።

ባለፈው ዓርብ ልጅዎ ዙቤዳ የመጨረሻውን ክኒን ዋጠች። አክታዋ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ሦስቱንም ጊዜ ንጹሕ ሆነ። ራጅ ሲያነሷትም ሐኪሙ ፊልሙን መስኮቱ ላይ አድርጎ “እዚህ ጋ ጠባሳ አለ፤ ከጠባሳው በቀር ምንም የለም” አላት። እኔም ከእሷ አንድ ወር ቀድሜ ጨርሻለሁ። ሁለታችንም ድነናል። ተሻለን ማለቴ አይደለም፣ ድነናል ነው የምልዎ። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት የተማርኩት በደሜ ነው፤ እንዴት እንደ ተማርኩትም ዛሬ ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። ደብዳቤውን የሚያነቡልዎ መምህር ቀለመወርቅ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለው ያንብቡልዎ።

በ1961 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ መታመሜን ያውቃሉ። ያን ጊዜ ፋሪዳ ልጃችንን አልፊያን ወልዳ አራስ ነበረች፤ ዙቤዳም አራስ ልትጠብቅ መጥታ እኛ ጋ ከርማለች። ሁላችንም የምንኖረው በአንዲት ክፍል ነበር፤ እኔ እስላለሁ፣ እነሱ ይሰማሉ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባልኩ። በየቀኑ የምወጋው መርፌና በየቀኑ የምውጠው ክኒን ታዘዘልኝ። “ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። ቢሻልህም ባይሻልህም ሳንነግርህ እንዳታቆም” አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

በሁለት ወር ሳሉ ጠፋ። ፊቴ ሞላ፣ ቀበቶዬ ጠበበኝ። ድኛለሁ አልኩ። መርፌው ደግሞ የተወጋሁበትን ቦታ ስለሚያሳብጠው የስፌት መኪናው ፊት መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ መርፌውን ተውኩ፤ ክኒኑን ብቻ ቀጠልኩ፤ እሱንም ባስታወስኩ ቀን። ከዚያ ረመዳን ገባ፤ የዒድ ልብስ የሚያሰፋው ሰው ደጄን ሞላው፤ ክኒኑም ከነጠርሙሱ ተረሳ።

ዙቤዳ ወደ እናንተ ከተመለሰች በኋላ እንደ ሳለች ጻፉልኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? የተረፈኝን ክኒን በጨርቅ ቋጥሬ ላክሁላት። “እኔን ያዳነኝ ይህ ነው፣ እሷንም ያድናታል” አልኩ። በወሩ ቀና ብላ ስትሄድ ቢያዩ እርስዎ በግ አርደው ጎረቤት አበሉ። “ረሻድ እህቱን አዳናት” ብለው መርቀው ጻፉልኝ። ያንን ደብዳቤ ስንት ቀን በኪሴ ይዤ እንደ ዞርኩ! ለደንበኛው ሁሉ አነበብኩት። አባቴ፣ ያ ምርቃት አይገባኝም ነበር። እህቴ በሽታውን የያዘችው ከእኔ ነው። ቁንጽል መድኃኒት ልኬም ያባባስኩባት እኔው ነኝ። እንግዲህ ወጣልኝ።

በ1962 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ነጭ ሸሚዝ እየሰፋሁ ሳል መጣብኝና ሸሚዙ ላይ ደም ጠብ አለ። አጠገቤ የሚሰፋው ገመቹ አየው። ገመቹ የወለጋ ሰው ነው፤ ጴንጤቆስጤ ነው፤ እሱ በጸሎቱ እኔ በዱዓዬ ሆነን አንድ በረንዳ ላይ ስድስት ዓመት ሠርተናል። ሸሚዙን ከእጄ ወሰደና “ይህን እኔ ከአዲስ ጨርቅ ቆርጬ እጨርስልሃለሁ። አንተ ተነስ” አለኝ። ክንዴን ይዞ እስከ ፌርማታው ወሰደኝ፤ አውቶቡስ ላይም አብሮኝ ወጣ።

መጀመሪያ በታከምኩበት ሕክምና ጣቢያ ያንኑ መርፌና ያንኑ ክኒን እንደገና ጀመርኩ። አሁን አንድ ቀን አላጓደልኩም። ግን አንድ ወር ሞላ፣ ሁለት ወር ሞላ፣ ሳሉ አልለቀቀኝም። ላብ ያጠምቀኛል፤ ሱሪዬ ከወገቤ ይወርዳል። ሰፈር ውስጥ የሚሰጠው ምክር ብዙ ነበር። አንዱ “መድኃኒት ሲቆይ ኃይሉ ያልቃል” ይላል። ሌላው “ሰውነትህ ለምዶታል፤ የለመደ ሰውነት አይድንም” ይላል። ሦስተኛው “የደኸየ ሰው ውሃ ነው የሚወጋው” አለኝ፤ እኔም ያመንኩት ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ንዴቴን የሚያሳርፍልኝ እሱ ነበርና።

አንድ ጠዋት ተራዬ ሲደርስ በሰው ሁሉ ፊት ጮህኩ። “ውሃ ነው የምትወጉን! ያ የመጀመሪያው መድኃኒት አድኖኝ ነበር፤ አሁን የምትሰጡኝ የውሸት ነው!” አልኩ። መርፌ የምትወጋው ነርስ ሲስተር የኔነሽ ትባላለች፤ አጭር፣ ቆጣ ያለች፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ትጮህብኛለች ስል መርፌውን አስቀምጣ ካርዴን አነሳች።

“ያን ጊዜ ስንት ወር ወሰድክ?” አለችኝ።

“ሦስት ወር ያህል” አልኩ።

“መርፌውንም ክኒኑንም?”

“መርፌውን ቀድሜ ትቼዋለሁ” አልኩ።

“ስማኝ” አለች። “መድኃኒቱ አልደከመም፤ ሰውነትህም አልለመደውም። የለመደው ጀርሙ ነው። ደረትህ ውስጥ ያለው ጀርም ቁጥር ስፍር የለውም። አብዛኛው በክኒኑ ይሞታል፤ ጥቂቱ ግን ከመነሻውም ክኒን የማይበግረው ነው። እሱን የሚገድልልህ መርፌው ነበር። መርፌውን ስትተው ያንን ጥቂቱን ማን ነካው? ደካማው ሲሞት ቤቱን ለእሱ ለቀቀለት፤ ተዋለደ፣ ተራባ። አሁን ደረትህን የሞላው የእሱ ዘር ይመስለኛል። መልኩ ያው ነው፣ ሳሉም ያው ነው፤ ክኒኑ ግን አይነካውም።”

አባቴ፣ እዚያ ቆሜ የመጣብኝ የእርስዎ ድምፅ ነው። የበርበሬው ማሳ ላይ ሽኩርና እኔ ሙጃውን ከላይ ከላይ ነጭተን ወደ ጥላ ስንሮጥ “ሙጃን በግማሽ ነቅሎ የሄደ ለሙጃ ነው ያረሰው” ይሉን ነበር። ለስላሳውን ነቅዬ፣ ሥሩ የጠለቀውን ደረቴ ውስጥ ትቼ ሄድኩ ማለት ነው።

ከዚያ ሲስተር የኔነሽ አንድ ጥያቄ ጨመረች። “የተረፈውን ክኒን ምን አደረግኸው?” አለች። ለእህቴ ላክሁላት ስላት ካርዴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “እሷም ተሻላት፤ ቀጥሎ ግን አገረሸባት?” አለች። አዎ አልኩ። “እንግዲህ የተላከላት ያ ክኒን ለብቻው ነው። የእሷም እንዳንተው እንዳይሆን እፈራለሁ። ክረምቱ አልፎ መንገዱ እንደ ተከፈተ አስመጣት” አለችኝ። ያን ዕለት ከጣቢያው እስከ ኮልፌ በእግሬ መጣሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ አልሰማሁም።

“ፋሪዳን ታግዝልኝ፣ ዙቤዳን ላኩልኝ” ብዬ የጻፍኩልዎት በዚህ ምክንያት ነበር። ሕክምና መጀመሯን በኋላ ነግሬዎታለሁ፤ ለምን እንደ ታመመች ግን ለመንገር ወኔው አልነበረኝም። የእኔም የእሷም አክታ ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ተላከ። እዚያ ጀርሙን አሳድገው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የትኛው እንደማይገድለው ይፈትኑታል፤ ሁለት ወር ይፈጃል። ውጤቱ ሲመጣ ሲስተር የኔነሽ እንዳለችው ሆነ። የሁለታችንንም ጀርም ክኒኑ አልነካውም።

በሌላ መድኃኒት ጀመርን። እኔ በኅዳር፣ ዙቤዳ በታኅሣሥ። እኔ በሰባ ዓመቴም ብሆን ያንን ጣዕም አልረሳውም። ብረት እንደ ላሰ ሰው አፌ ይመርረኛል፣ ምግብ ይሸተኛል፣ ሆዴ ይገለበጣል። የስፌት መኪናዬ ሥር ባልዲ አስቀምጬ ነው የሠራሁት። ስድስት ሳምንት እንደ ሄደ አንድ ቀን ክኒኑን በምላሴ ሥር ደብቄ ደጅ ወጥቼ ተፋሁት። ፋሪዳ በመስኮት አይታኝ ኖሯል። አልተቆጣችም። መሬት ወድቆ የነበረውን አንስታ አሳየችኝና “ይህን ያተረፍከው ለማን ነው? ለአልፊያ ነው?” አለችኝ። ልጄ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እኔና ዙቤዳ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ ፋሪዳ ውሃውን ትሰጠናለች፤ ከዋጥን በኋላ “አፋችሁን ክፈቱ” ትለናለች፤ ምላሳችንን አንስተን እናሳያለን። አልፊያ አፍ ስትፈታ ከ“እማ” ቀጥሎ የተማረችው “ክፈት” የሚለውን ነው። ለእንግዳም፣ ለድመቷም “ክፈት” ትላለች። ይህን ለእናቴ ደግመው ያንብቡላቸው፤ ይስቁ።

ዙቤዳ በስድስት ወሯ አበበች። ጉንጯ ተመለሰ፤ ከገመቹ ሚስት ከጫልቱ ጋር ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ካለው ገበያ ድረስ ሄዳ ሸክም ተሸክማ ትመለስ ጀመር። እናንተም የመዳኗን ወሬ ሰማችሁ፤ የእጮኛዋ የሰይፈዲን እናትም ሰሙ። ከረመዳን በኋላ ሠርጉ ይሁን፤ አለዚያ ልጃችንን ሌላ እናጋባዋለን ብለው ላኩ። እርስዎም “ትምጣና ትዳር፣ ክኒኑን ይዛ ትሂድ” ብለው ጻፉልኝ። ደብዳቤውን አንብቤላት ምን ትይያለሽ አልኳት። ሰባት ወር ሲቀራት ነው፤ ሰውነቷ ደህና ነው፣ ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ። እኔ ብሆን ኖሮ እሄድ ነበር፤ ሄጄም አይቻለሁ። እሷ ግን “ደህና ስሆን ነው ያቆምኩት፣ ደህና ስሆን ነው የተመለሰብኝ። አንድ ቀን ቢቀረኝ ንቅንቅ አልልም። ሌላ ያጋቡት” አለች። ሰይፈዲንን እንደምትወደው እናንተም ታውቃላችሁ።

ያኔ “ዙቤዳ ትንሽ ትቆያለች” ብዬ በአጭሩ መለስኩልዎ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልሰሙም። በሦስተኛው ሳምንት ሰይፈዲን ራሱ መጣ። መርካቶ በርበሬ ልሸጥ ነው የመጣሁት አለ፤ በርበሬው ግን የት እንዳለ አላየነውም። ከእኛ ቤት ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ዙቤዳ በነጋታው ወደ ሕክምና ጣቢያው ስትሄድ ተከተላት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሲስተር የኔነሽን “እውነት ገና አልዳነችም? ዓይኔ የሚያየው ጤነኛ ሰው ነው” አላት። እሷም ለእኔ የነገረችኝን ለእሱም ነገረችው። ከዚያ “አሁን ብትወስዳት ዛሬ ሚስት ታገኛለህ። ከዓመት በኋላ ግን እሷንም፣ አንተንም፣ የምትወልዱትንም ይህ መድኃኒት ላያድናችሁ ይችላል። ከዚህ ሌላ ደግሞ የምሰጣት የለኝም” አለችው።

ሰይፈዲን ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ሲያሽከረክር ቆየ። በመጨረሻም ወደ ዙቤዳ ዞረና “ሰኔ ላይ ነው የምትጨርሺው? በሰኔ ሠርግ አይደረግም፣ ዝናብ ነው። እንግዲህ ለመስከረም እናድርገው” አላት። አባቴ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ብዙ ሙሽራ አልብሻለሁ። እንደዚያ ያለ የጋብቻ ጥያቄ ግን ሰምቼ አላውቅም። ዙቤዳ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እናቱን ያሳመናቸው እንግዲህ እሱ ነው፤ ሲያገኙት ይመርቁት።

እናም ዓርብ ደረሰ። ዙቤዳ የመጨረሻውን ክኒን ቤት አልዋጥም ብላ ይዛው ሄደች። ፋሪዳ፣ ገመቹና ጫልቱ፣ እኔም አልፊያን ተሸክሜ፣ ሁላችንም አብረን ሄድን። ሲስተር የኔነሽ ፊት ቆማ ዋጠችው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት አፏን ከፍታ ምላሷን አነሳች። በሰልፉ ላይ የነበረው በሽተኛ ሁሉ አጨበጨበ። አንዲት ባልቴት እልል አሉ፤ ደረታቸው ስለማይችል እልልታቸው በሳል ተቆረጠ፤ ሌሎቹ ተቀብለው ጨረሱላቸው። እኔ ሲስተር የኔነሽን “ውሃ ነው የምትወጉን ያልኩዎትን ይቅር ይበሉኝ” አልኳት። “ስንቱ ይለኛል መሰለህ! አንተ ግን ተመልሰህ መጥተሃል። ተመልሶ የሚመጣ ነው ደስ የሚለኝ” አለችኝ።

ገመቹ እኔ በታመምኩበት ጊዜ የሰፋውን ልብስ ሁሉ በእኔ ስም ነው ያስረከበው። ደንበኛዬ አንድም አልቀረብኝም። አሁን በረንዳው ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሁለት መኪና ድምፅ ነው። ክብደቴ ከመታመሜ በፊት ከነበረው በልጧል። ትናንት ከጦር ኃይሎች እስከ ቤቴ ድረስ አንድ ጥቅል ካኪ ጨርቅ በትከሻዬ ተሸክሜ ዳገቱን ሳላርፍ ወጣሁት።

አባቴ፣ ባለፈው ደብዳቤዎ ላይ “ከመድኃኒታችሁ የተረፈ ካለ ላክልን፣ እዚህ ለሚስል አንድ ሽማግሌ ይሆናል” ብለውኛል። የተረፈ የለም። አንዲት ፍሬ እንኳ አልተረፈችም፤ ድላችንም ይኸው ነው። ቢተርፍም አልክልዎትም ነበር። አንድ ጊዜ ልኬ ያደረግሁትን ነግሬዎታለሁ። ያ ሽማግሌ የሚያስፈልገው መጀመሪያ መመርመር ነው፤ በሽታው ከሆነ ደግሞ የራሱን መድኃኒት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መውሰድ ነው።

ሽማግሌው ማን እንደ ሆነ ደግሞ አውቄያለሁ። መምህር ቀለመወርቅ እርስዎ የነገሯቸውን ሁሉ ከጻፉ በኋላ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል አንድ መስመር ጨምረዋል። “የሚስሉት አባትህ ራሳቸው ናቸው፤ እንዳልነግርህ አስምለውኛል፤ አልነገርኩህም፣ ጻፍኩልህ እንጂ” ይላል። እባክዎ አይቆጧቸው። ይህንም የሚያነቡልዎ እሳቸው ናቸውና ፊታቸውን አያጥቁሩባቸው።

ስለዚህ እንዲህ ቆርጠናል። ዙቤዳና እኔ ሐምሌ 6 ቀን ሐሙስ በአውቶቡስ ተነስተን እንመጣለን። ጭቃው ቢይዘን በእግር እንጨርሰዋለን፤ አሁን ደረቱም ጉልበቱም አለን። እሷ ከእናቴ ጋር ለሠርጓ ትቀራለች። እርስዎ ከእኔ ጋር ይመጣሉ። ከሲስተር የኔነሽ ዘንድ ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ። ምናልባት ተራ ጉንፋን ሆኖ ስቀን እንመለሳለን። ካልሆነም ፋሪዳ ጠዋት ጠዋት ውሃ ትሰጥዎታለች፤ አልፊያም “አያቴ፣ ክፈት” ትልዎታለች። እኛን ሁለታችንን መድኃኒቱን ያስጨረሰ ቤት እርስዎንም ያስጨርሳል። እምቢ ቢሉኝ ማሳው መካከል እቀመጣለሁ፤ ሙጃ ሳልነቅል የሄድኩበትን ቀን ሁሉ እየቆጠሩ ይሰድቡኝ፣ ያለ እርስዎ ግን አልመለስም።

እናቴን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በሉልኝ፤ ዙቤዳ የሚወዱትን ጥቁር ሻሽ ገዝታላቸዋለች። ሽኩርን፣ ልጆቹን በሙሉ፣ በተለይ ተማሪ ቤት የገባውን ትንሹን፣ ሰላም በሉልኝ። ለሽኩር ባለቤት ፋሪዳ ልዩ ሰላምታ ልካለች። ለአክስቴ ለዘሀራ ዱዓቸው እንደ ደረሰልን ንገሩልኝ። ሰይፈዲንን አንገቱን አቅፋችሁ ሳሙልኝ፤ ዙቤዳ ምን እንዳለች ግን ለመጻፍ ከለከለችኝ። የሰይፈዲንን እናትም በአክብሮት ሰላም በሉልኝ። መምህር ቀለመወርቅን፣ እጅዎ ይባረክ በሉልኝ። ገመቹና ጫልቱ ሳያውቋችሁ ሁላችሁንም ሰላም ብለዋል። ከታች በእርሳስ የተጫረው ደግሞ የአልፊያ ሰላምታ ነው።

አላህ በጤና ያገናኘን።

ልጅዎ ረሻድ ሀምዱ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 18 ቀን 1964 ዓ.ም.